በመሸሻ እጅ ያለው የዘርትሁን ስም

ዘርትሁን የተቆጣች ቀን ሽሮ ሜዳ ከአስፋልቱ ማዶ ያሉት ነጋዴዎች ሳይቀሩ ያውቃሉ። ነጠላዎቹን ከመስቀያው አውርዳ ታራግፋለች፣ መልሳ ትሰቅላለች፣ ደግሞ ታወርዳለች። ዋጋ የጠየቀ ደንበኛ መልስ ቢያገኝም የተሰደበ ነው የሚመስለው። ብዙውን ጊዜ እስከ ምሳ ይበርድላታል። ያን ሰሞን ግን አልበርድ ብሎ ሰነበተ። የታሰረው ባሏ የመሸሻ አብሮ አደግ ቤዛብሕ ከማዶ ሱቁ ተሻግሮ መጥቶ፣ እጁን ኪሱ ከትቶ፣ "ዘርትሁን፣ ያ የኢንተርኔት ሱቃችሁ ስም ወደኔ ሊዛወር ነው። እስረኛ እንዲህ ያለ ነገር መያዝ አይችልም። እንዳይወረስባችሁ ብዬ ነው" ካላት ቀን ጀምሮ ማለት ነው።

የኢንተርኔቱ ስም የሷው ስም ነው። ንዴቱን ያከበደውም ይኸው ነው።

ወላጆቿ ከጨንቻ ደጋ መጥተው ሽሮ ሜዳ የሰፈሩ ናቸው። አባቷ እግሩን የሽመና ጉድጓዱ ውስጥ ሰዶ ሲሸምን፣ እናቷ ስትፈትል እያየች አደገች። ሽመናው የወንድ ነው ስላሏት መሸጡን ያዘች፤ መሸጡንም እንደሷ የሚያውቅ ጠፋ። መሸሻን የወደደችው በጥለቱ ነው። ያኔ የአባቷ ባልደረባ ነበር፤ ጥለት ሲያወጣ እጁን እያየች ቆማ ትቀር ነበር። ከተጋቡ በኋላ እሱ ይሸምናል፣ እሷ ትሸጣለች፤ የሙሽራ ልብስ ፈላጊ ሁሉ ወደነሱ ይመጣ ጀመር።

ዌብሳይት እንክፈት ያለው ቤዛብሕ ነበር፤ ይህን ማንም አይክደውም። "ኢንተርኔት ማለት ሱቅህን ለዓለም መክፈት ማለት ነው" ብሎ ጎተጎታቸው። ኢሜይሉንም እሱ ከፈተላቸው። ስሙ ማን ይባል ሲባል መሸሻ ቀና ብሎ፣ "የሷ ይሁን። እኔ እሸምናለሁ እንጂ ሰው የሚገዛው ከሷ ነው" አለ። "ዘርትሁን ሸማ" ተባለ። መታወቂያውን ይዞ የሄደው መሸሻ ስለነበረ በሱ ተመዘገበ፤ ያኔ የማን ሆነ ብሎ የጠየቀ አልነበረም። ከዚያ ወዲህ ከሐዋሳም፣ ከመቀሌም፣ ከባሕር ማዶም ሙሽሮች በዚያ ስም ያዝዛሉ።

ከዚያ አደጋው መጣ። መሸሻ የሰው ሚኒባስ ተውሶ ሸማ ጭኖ ከእንጦጦ ቁልቁል ሲወርድ ፍሬኑ አልያዝ አለና ኖህ የሚባል የቀጨኔ ልጅ ገጨ። ልጁ ሞተ። ፍሬኑ እንደላላ ጠዋት ዘርትሁን ነግራዋለች፤ እሱም ያውቃል፤ "ቶሎ እመለሳለሁ" ብሎ ነው የሄደው። ተፈረደበት። ዘርትሁን ዳኛውን አንድ ቀን አልረገመችም። የምትረግመው ያንን "ቶሎ እመለሳለሁ" የሚለውን ነገር ነው፤ ትዝ ባላት ቁጥር ጥርሷን ታንቀጫቅጫለች።

ቤዛብሕ ሌባ ቢሆን ይሻል ነበር። ሌባ አይደለም። መሸሻን ይወዳል፣ እስር ቤት ይጠይቀዋል፣ ለራሱም የነገረውን ያምናል። ግን ያ ስም እጁ ሲገባ የሱ ሱቅ ሸማ በዘርትሁን ስም እንደሚሸጥ ሳያስብ አልቀረም። እንዲህ ያለውን ሰው እንደ ሌባ ጮኸው አያስይዙት ነገር!

ቤዛብሕ በነገራት ማግስት ሱቋን ለጎረቤት አደራ ብላ ጳውሎስ ሆስፒታል አካባቢ ሄደች። ስሙን የመዘገበላቸው ድርጅት ከፋርማሲዎቹ በላይ ባለ ፎቅ ላይ ነው። ትሕትና የምትባል ወጣት ሠራተኛ ኮምፒውተሯን አየችና፣ "ባለቤቱ አቶ መሸሻ ናቸው። ወደ አቶ ቤዛብሕ ይዛወርልኝ ብለው በኢሜይላቸው ጠይቀዋል" አለቻት።

"ባለቤቱ ታስሯል። ከየት አምጥቶ ነው ኢሜይል የሚልከው?"

ትሕትና ድምጿን ዝቅ አደረገች። "እ... ማለቴ፣ ከታሰሩማ ምናልባት ስሙን መያዝም..."

"ምናልባት የሚባል ሕግ የለም!" ዘርትሁን ጠረጴዛውን ያዘች። "ሱቃችን ታሽጓል? ልጆቻችን ካሁን በኋላ የሱ አይደሉም ተብለዋል? ይሄኛው በምን ተለይቶ ነው የሚወሰደው? የት እንደተጻፈ አሳዪኝ!"

ወረፋ የያዙት ሁሉ ዞር አሉ። ትሕትና አለቃዋን ልትጠይቅ ገባች፤ ስትመለስ ፊቷ ቀልቷል። ውላቸው ላይ እስረኛ አይያዝ የሚል ነገር የለም። ሰውየው ቢታሰርም ስሙ የሱ ነው፤ በየጊዜው መታደስ ብቻ አለበት፤ ያንንም የወከለው ሰው ሊያደርግለት ይችላል። "ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ውክልና ያምጡልኝና ዝውውሩን ወዲያው እንሰርዘዋለን" አለች። "እስከ ዓርብ ካልመጡ ግን ይዛወራል።"

ዘርትሁን ደረጃውን የወረደችው እየሮጠች ነው። ኢሜይሉን የከፈተው ቤዛብሕ፣ የይለፍ ቃሉን የሚያውቀው ቤዛብሕ፤ ታዲያ ማን ሊሆን ነው? ማንን እንደምትጣላ ስላወቀች ደስ ሊላት ምንም አልቀራት።

በጠያቂ ቀን ቆጮና ማባያውን ዳጣ ይዛ ማረሚያ ቤት ሄደች። ፈታሹ ቅመሽ ሲላት ጎርሳ አሳየችው። ጠያቂና እስረኛ የሚተያዩት ከሁለት የሽቦ አጥር ማዶና ማዶ ሆነው ስለሆነ ሁሉም የሚያወራው እየጮኸ ነው፤ ለሷ የተሠራ ቦታ ይመስላል።

"ቤዛብሕ ስማችንን ሊሰርቀን ነው!" አለችው ሰላም እንኳ ሳትለው።

መሸሻ ከስቷል። ሽቦውን በሁለት እጁ ያዘ። "አልሰረቀም። ውሰደው ያልኩት እኔ ነኝ።"

ዘርትሁን ጆሮዋን ወደ ሽቦው አስጠጋች።

"አባቴ የነገረኝን ታውቂያለሽ" አለ። "እኛ አገር እጁ ላይ ደም ያለ ሰው እርቅ ሳይወርድ ከሽማግሌ መሃል አይቀመጥም። እኔ በምን ፊቴ ነው የሙሽራ ልብስ የሚሸጥበት ስም ባለቤት የምሆነው? ቤዛብሕ እስረኛ አይፈቀድለትም ሲለኝ እፎይ ነው ያልኩት። ይውሰደው፣ በቃ።"

"እፎይ?" ድምጿ አጥሩን አልፎ ሄደ። "የማንን ስም ሰጥተህ ነው እፎይ ያልከው? የኔን! እናቴ ያወጣችልኝን! ኃጢአትህን በኔ ስም ነው የምትከፍለው?"

"በኔ ነው የተመዘገበው..."

"በአንተ ከተመዘገበ እንደ ባለቤት ጠብቀው! እስረኛ አይችልም የሚል ነገር የለም፤ ሄጄ ጠይቄያለሁ። መንግሥት ያልወሰደብህን፣ ዳኛ ያልወሰደብህን አንተ ተነሥተህ ታስረክባለህ?"

አጠገቧ የቆመች ጠያቂ ቀስ በይ ልትላት እጇን ነካቻት። ዘርትሁን እጇን መነጨቀች።

"ኖህ ሞቷል፣ ዘርትሁን" አለ መሸሻ። የጮኸ አልነበረም፤ ግን ሰማችው።

ዘርትሁን ለቅሶው ቀን ቀጨኔ ሄዳለች። ውጪ ይሉኛል ብላ ድንኳኑ ጥግ ተቀምጣ፣ ማንም ውጪ ሳይላት፣ የልጁን እናት ወይዘሮ ብርቅነሽን ስታይ ውላለች። ያንን ቀን ለመሸሻ ነግራው አታውቅም።

"ሞቷል" አለች። "እናቱን ግን ሰፈሩ ዛሬም የኖህ እናት ነው የሚላት። ከሞተው ልጅ ላይ እንኳ ስሙን የወሰደ የለም። አንተ በሕይወት እያለህ፣ እኔ እዚህ ሽቦ ላይ ተንጠልጥዬ እየጮኽኩ፣ ያለህን ሁሉ ትበትናለህ። ይሄ ንስሐ መሰለህ? ስንፍና ነው! ነገ ለእርቅ ሽማግሌ የምልከው እኔ ነኝ። ባዶውን የቀረ ሰው ምን ይዞ ነው የሚታረቀው?"

መሸሻ ግንባሩን ሽቦው ላይ አሳረፈ። ፖሊሱ ሰዓት አልቋል እያለ ከዳር ጀምሮ መጣ።

"ውክልናውን እፈርማለሁ" አለ መሸሻ። "ግን እርቁ እስኪወርድ በዚያ ስም የሙሽራ ልብስ እንዳይሸጥ።"

"ምን ልንበላ? አብዛኛው ገበያችን እሱ ነው!"

"ጋቢ ሽጪ። ነጠላ ሽጪ። ባለቤቱ እኔ ከሆንኩ የምለው ይኸው ነው።"

አጥሩን ነቅላ ልትወረውርበት ፈለገች። ግን ከታሰረ ወዲህ እየተለማመጠ ሳይሆን እንደ ባለቤት አዝዞ ሲናገር የሰማችው ያን ቀን ብቻ ነበር። "እሺ" አለች፣ አሁንም እየተቆጣች።

ውክልናው ተፈረመ። ዝውውሩ ዓርብ ጠዋት ተሰረዘ። ዘርትሁን ከጳውሎስ ተመልሳ ሱቋ ውስጥ ተቀመጠችና በስልኳ ዌብሳይቱን ከፈተች። የሙሽራ ልብሶቹን ፎቶ አንድ በአንድ አጠፋች። እያንዳንዱን ስታጠፋ መሸሻን ሰደበችው፤ አንዳንዱን ልብስ ለማን እንደሸጠችው እንኳ ታስታውሳለች። ከዚያ ባዶው ቦታ ላይ እንዲህ ብላ ጻፈች፦ "የሙሽራ ልብስ ለጊዜው አንሸጥም። የዚህ ስም ባለቤት መሸሻ መኪና ሲነዳ ሰው ገድሎ እስር ላይ ነው። እርቅ ሲወርድ እንመለሳለን። ጋቢና ነጠላ አለን።"

ብዙ አልቆየም። ቤዛብሕ ስልኩን እንደያዘ፣ መኪና እንኳ ሳያይ አስፋልቱን ተሻግሮ መጣ።

"አብደሻል እንዴ? ሰው የሚደብቀውን ነገር ለዓለም ታወሪያለሽ?"

ዘርትሁን ነጠላ እያራገፈች ነበር። ዞርም አላለችም።

"ለዓለም ነው የከፈትነው አላልክም?" አለችና ነጠላውን መልሳ ሰቀለችው።