ድምፅ ያበላሹልኝ የራዲዮ ጠጋኝ

መካነ ሰላም ፊዚክስ ለማስተማር ስመደብ ከልብሴ ጋር ጊታሬን ይዤ መጣሁ። ያደግሁት ደሴ ነው፤ ጊታር የለመድኩት ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ። ባለፈው ክረምት ትምህርት ቤት ሲዘጋ፣ ከኢንተርኔት ያገኘሁትን ንድፍ እያየሁ በእግር የሚረገጥ የጊታር ፔዳል ሠራሁ። የጊታሩን ድምፅ ተቀብሎ ሻከር አድርጎ ወደ ስፒከሩ የሚያሳልፍ፣ አሮጌ ምሳ ዕቃ ውስጥ የገጠምኩት ነገር ነው። ሠራልኝ፤ ድምፁ ግን ቆርቆሮ በሚስማር እንደ መፋቅ ሆነብኝ።

ጥፋቱ የት እንደሆነ ገመትኩ። ፔዳሉ ድምፁን ከልክ በላይ ያጎላዋል፤ ከዚያ ዳዮድ የሚባሉ ሁለት ጥቃቅን ዕቃዎች የሞገዱን ጫፍ አንዱ ከላይ፣ አንዱ ከታች ይቆርጡታል። መሻከሩ የሚመጣው ከመቆረጡ ነው። የእኔዎቹ ከሲሊከን የተሠሩ ስለሆኑ በድንገት ይቆርጣሉ። የድሮ ራዲዮ ውስጥ ያሉት፣ ከጀርማንየም የተሠሩት ግን ለስለስ አድርገው ነው የሚቆርጡት ሲባል አንብቤያለሁ። የድሮ ራዲዮ ያላቸው ደግሞ ከገበያው በላይ ባለች ጠባብ ሱቅ ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲጠግኑ የኖሩ ሽማግሌ ናቸው።

«አሰላሙ አለይኩም ጋሼ።»

«ወአለይኩሙ ሰላም። ምን ተበላሸብሽ ልጄ?»

«ኧረ የተበላሸ የለም። ድምፅ እንዲያበላሹልኝ ነው የመጣሁት።»

መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፍተው አዩኝ። ይዤ የመጣሁትን ጊታር በፔዳሉ በኩል ከሱቁ ስፒከር ጋር ሰክቼ አሰማኋቸው፤ ፊታቸው ተጨማደደ።

«ሰው እንዲህ የሚጮህ ራዲዮ ሲያመጣልኝ አጥርቼ ነው የምመልሰው» አሉ። «አንቺ ደግሞ ጤነኛውን ታሳምሚያለሽ?»

ወረቀት አውጥቼ ሞገዱን ሣልኩላቸው። መጀመሪያ አናቱ ክብ የሆነ ኮረብታ፣ ቀጥሎ አናቱ ቀጥ ብሎ የተቆረጠ።

«ይሄማ አምባ ነው» አሉ ሁለተኛውን በጣታቸው ነክተው።

«አዎ። እኔ የምፈልገው በሁለቱ መሃል ያለውን ነው።»

ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። ከዚያ ከመደርደሪያ ሥር አንድ የሞተ ራዲዮ ጎትተው ከፈቱትና፣ ከሩዝ ፍሬ የማይበልጡ ሁለት የመስታወት ዳዮዶች ነቅለው ራሳቸው በየዱልኝ። ተጫወትኩ። ድምፁ ለሰለሰ፤ ግን አነሰም፣ ታፈነም። እኔ በቃኝ ልል ስል እሳቸው ገና መጀመራቸው ነበር።

«ሁለቱም አንድ ዓይነት ይሁኑ ያለው ማነው?»

«ንድፉ ላይ እንደዚያ ነው ያለው።»

«ንድፉን ተይው። ላይኛውን አሮጌው ይቁረጠው፣ ታችኛውን አዲሱ።»

አንዱን ጀርማንየም አንስተው በቦታው የእኔን ሲሊከን መለሱ። ወፍራሙን ክር ስመታ ሁለታችንም ቀና አልን። ድምፁ ሻካራ ነው፤ ግን ሆድ አለው።

«ሌሊቱን መንዙማ ሲል ያደረ ሰው ጉሮሮ!» አሉና ሳቁ። «ድገሚው እስቲ።»

ደጋገምኩት። ሲመሽ ልሄድ ስነሳ ምሳ ዕቃውን በእጃቸው ያዙት።

«ይሄ እዚሁ ይደር። ማክሰኞ ነይ።»

ማክሰኞ ስደርስ በሩ ላይ ነበሩ። «ተጫወቺ» አሉኝ፤ ሰላምታውን እንኳ በወጉ አልጨረስንም። ድምፁ ከፊተኞቹ ሁሉ የጎላና የተከፈተ ሆኗል። ምን እንደገጠሙ ስጠይቃቸው የምሳ ዕቃውን ክዳን አንስተው በመዳፋቸው ጥላ ሠሩበት።

«አሁን ጎንበስ ብለሽ ክሩን በኃይል ምቺው።»

መታሁት። መዳፋቸው ሥር ሁለት ቀይ ነጥቦች ብልጭ ብለው ጠፉ። ከተበላሸ ቻርጀር ላይ የነቀሏቸው ትንንሽ መብራቶች ናቸው።

«እነሱም እኮ ዳዮዶች ናቸው» አሉ። «ድምፁ ሲቆረጥ ይበራሉ። ቀስ ብለሽ ስትመቺው ግን አይበሩም፤ የሚቆረጥ የለማ።»

ቀስ ብዬ መታሁት፤ አልበሩም። ጠንከር ሳደርገው በሩ። በጥቁር ሰሌዳ ላይ ስንት ጊዜ የሣልኩት ሞገድ ሲቆረጥ በዓይኔ ሳይ ይሄ የመጀመሪያዬ ነው። እሳቸውም ጎንበስ ብለው፣ አንዴ እኔ አንዴ እሳቸው ክሩን እየመታን፣ ራዲዮ ሊያሠራ የመጣ ገበሬ በሩ ላይ ቆሞ እስኪያስል ድረስ ቆየን።