የእድራችን ሰርቨርና የለቅሶ ቤት በር

የተበተነ ሰው በኢንተርኔት ይሰበሰባል ይላሉ። አይሰበሰብም። የሚሰበሰበው አድራሻው ነው፤ አድራሻውን ደግሞ ማን እንደሚፈልገው አይታወቅም።

የፒያሳ ሰፈራችን ፈርሶ ጎረቤቱ በየኮንዶሚኒየሙ ሲበተን እድሩ አልፈረሰም። አባል ሲሞት ድንኳኑ የት እንደሚተከል ማወቅ ስላለብን፣ የእያንዳንዱ ሰው አዲስ ቤት እስከ ፎቁና እስከ በሩ ቀለም ድረስ አፍንጮ በር ባለችው ቢሯችን፣ ሰርቨሩ ውስጥ ተመዝግቧል። ጸሐፊው እኔ ነኝ። በጠቅላላ ጉባኤ ላይ፣ ሁሉም በስልኩ እንዲያየው መዝገቡ ድረ ገጽ ላይ ይውጣ ተባለ።

ሐሳቡን ከሁሉ በላይ ያሟሟቀው ለቀብር እንኳ መጥቶ የማያውቅ አንድ አባል ነበር። «ግልጽነት መልካም ነው» አለ። ስለ ግልጽነት የሚሰብክ ሰው ሳይ ኪሴን እዳብሳለሁ። የዚህ ሰው ሚስት ዱላው ሲበዛባት ጥላው የወጣች ናት። ከውቤ በረሃ ወዴት እንደሄደች የሚያውቀው እድሩ ብቻ ነው። አድራሻዋን ስትሰጠኝ «ለእናንተ የምናገረው ሬሳዬ ሜዳ እንዳይቀር ብዬ ነው» ብላኝ ነበር።

ሊቀመንበራችን ፒያሳ ወርቅ ቤት ያላቸው አዛውንት ናቸው። ሰርቨሩን ላስተካክል ስቀመጥ እሳቸውም ወንበር ስበው አጠገቤ ሆኑ። መዝገቡን ከድረ ገጹ ጋር የሚያገናኘውን ማብሪያ አበራሁ። ከሥሩ፣ ማንም እንግዳ ያለ ይለፍ ቃል እንዲገባ የሚፈቅድ ሌላ ማብሪያ አለ፤ ማንም ሳይነካው በርቶ ነው የጠበቀኝ። ላጠፋው ስል እጄን ያዙኝ።

«ተው እንጂ አንተ ሰው። የለቅሶ ቤት በር ይዘጋል እንዴ?»

«የወርቅ ቤትዎስ በር፣ ጋሼ?»

«እሱ ወርቅ ነው።»

ስልካቸውን ተቀብዬ ገጹን ከፈትኩና የሴትየዋን ስም ጻፍኩ። ሕንጻው፣ ፎቁ፣ ሰማያዊው በር ተደርድሮ መጣ። ስልኩን መለስኩላቸው። አንብበው መነጽራቸውን አወለቁ።

«ይለፍ ቃል አድርግበት በቃ።»

«ይለፍ ቃሉ ለአባል ሁሉ ይሰጣል። ሰውየውም አባል ነው።»

መነጽራቸውን መልሰው አደረጉ። «እንግዲያው አድራሻ የሚባለውን ከነጭራሹ አውጣው» አሉ።

እንግዳ የሚያስገባውን ዘጋሁ። አድራሻዎቹንም ከድረ ገጹ ነጥዬ እዚያው ቢሮ አስቀረኋቸው። አሁን በስልክ የሚታየው፣ የሞተ ሰው ካለ፣ ድንኳኑ የተተከለበት ቦታ ብቻ ነው። ዘግቻለሁ የሚለኝን ማሽን ስለማላምን በራሴም ስልክ ደግሜ ሞከርኩት።

በሳምንቱ ሰውየው ወርቅ ቤቱ ድረስ መጣ። እኔም እዚያው ነበርኩ።

«ጋሼ፣ ገጹ ምንም የለውም እኮ። የሰው ቤት አያሳይም።»

ሊቀመንበሩ ከሚዛናቸው ቀና አላሉም። «ማን ሞተብህ?»

«ማንም። እንዲሁ ዘመድ ልጠይቅ ብዬ ነው።»

«ሰው ሲሞት እንነግርሃለን።»

ወጣ፤ ግን አልሄደም። ቀለበት እንደሚመርጥ ሰው መስታወቱ ፊት ቆሞ ወደ ውስጥ ሲያየን ቆየ።

የእናንተም እድር ድረ ገጽ አውጥቶ ይሆናል። ጸሐፊው «ዘግቼዋለሁ» ቢላችሁ አትመኑት፤ እኔም ብሆን አትመኑኝ። የእድሩ አባል ያልሆነ ሰው ስልክ ተዋሱና ዛሬውኑ የጎረቤታችሁን ስም ጻፉበት። ቤቷን ካሳያችሁ፣ አስዘጉት።