በጠጅ ቤት የጠጣሁት ብርዝ

ትናንት ከባቡር ጣቢያው ጀርባ ሳልፍ የጌሾ ሽታ አገኘኝ። አንዲት ሴት ቅጠሉን በሰሌን ላይ ፀሐይ አስጥታዋለች። እኔ እስላም ነኝ፤ ጠጅ በከንፈሬ አልፎ አያውቅም። እግሬ ግን እዚያው ተተከለ፤ የጨው ነጋዴው ልጅ ትዝ አለችኝ።

ያን ጊዜ አዳማ ትንሽ ነበረች። ባቡሩ ሲጮህ የሚግጡት ከብቶች ሁሉ ቀና ይሉ ነበር። ልጅቷ ጎረቤታችን ናት። አባቷ የአርሲ ሰው ናቸው፤ ሶላት የማያሳልፉ፣ ሲቆጡም ድምፃቸውን ከፍ የማያደርጉ። በሁለታችን ግቢ መካከል ባለው የቅንጭብ አጥር ላይ አንዲት ክፍተት ነበረች። እኔ በዚያች በኩል ግጥሜን እላለሁ፤ እሷ ወዲያ ማዶ እህል እያበጠረች ትሰማለች።

«ይሄኛው ያነክሳል» ትለኝ ነበር፣ ሰፌዷን ሳታቆም።

«የቱ ጋ?»

«ሁለቱም እግሩ። ለመሆኑ ማን አስተማረህ?»

«ማንም።»

«ያስታውቃል!»

ስንኝ የሚያውቅ ሰው ፍለጋ ጣቢያው አጠገብ ወዳለው ጠጅ ቤት መሄድ የጀመርኩት ለዚህ ነው። አዝማሪው ቤት ለመምታት አይቸገርም፤ እኔ ጥግ ይዤ አደምጠዋለሁ። ክርስቲያኗ ባለቤት ገና ስገባ «ለእስላሙ ልጅ ብርዝ!» ብላ ትጣራለች። ብርዙ ያልፈላ፣ ጌሾ ያልነካው፣ በዚያው ጠዋት በውኃ የተበጠበጠ ማር ነው። ሆኖም የሚቀርብልኝ እንደ ጠጁ በብርሌ ነበር። የከሰዓት ፀሐይ በበሩ ገብታ ስታርፍበት፣ ከደጅ ለሚያየው ሰው ቢጫው ያው ቢጫ ነው።

ሽማግሌ ልኬ ገና መልስ ሳላገኝ ወሬው ቀደመኝ። ልጁ ጠጪ ነው ተባለ።

ሽማግሌ ሆነው የሄዱልኝ ከወሎ መጥተው ሰፈራችን ኪታብ የሚያስተምሩ ሸህ ነበሩ። ነቢያችን አሉት የተባለ ሐዲስ ሲነገራቸው «ማን አለ? እሱስ ከማን ሰማ?» ሳይሉ አይቀበሉም። የኔንም ወሬ እንደዚያው ያዙት። በነጋዴው ግቢ፣ ከግራሩ ጥላ ሥር ተቀምጠው፣ ወሬውን ያመጣውን ልብስ ሰፊ አስጠሩ።

«አንተ በዓይንህ አይተሃል?»

«የለም ሸህ፣ ግመል ነጂው ነው የነገረኝ።»

ግመል ነጂው መጣ። «በደጅ ሳልፍ ቢጫ ነገር በብርሌ ይዞ አየሁት። መቼስ አልቀመስኩለት!»

«ታዲያ ጠጅ ነኝ ብሎ ብርሌው ነገረህ?»

ሰው ሁሉ ሳቀ። ከቤት ውስጥም፣ ከመጋረጃው ወዲያ፣ አንድ ሳቅ አመለጠ፤ የማን እንደሆነ አላጣሁትም። ነገሬ የሰመረ መሰለኝ።

አባትየው ግን አልሳቁም። «ብርዝ ይሁን፣ ሸህ። መጠጥ በሚዞርበት ማዕድ አትቀመጡ የሚል ሐዲስ የለም?»

ሸሁ ጺማቸውን ጨበጡ። «አለ። ግን በዘገባው ሰንሰለት ላይ ዑለማዎች ተከራክረውበታል። ደህና ነው ያሉ አሉ፤ ደካማ ነው ያሉም አሉ።»

«ደካማ ማለት ሐሰት ማለት ነው?»

ሸሁ እንደ ልጃቸው ይወዱኝ ነበር። አንዲት «አዎ» ትበቃኝ ነበር። ዓይን ዓይናቸውን አየሁ፤ እሳቸው ግን መሬት መሬቱን ያያሉ።

«አይደለም» አሉ በመጨረሻ። «ከነቢያችን መምጣቱን እርግጠኛ አይደለንም ማለት ነው።»

አባትየው ወደ እኔ ዞሩ። «ኢልመ ኮ» አሉኝ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። «አልጠጣህም፤ አምኛለሁ። የራሴ ጉዳይ ቢሆን ደካማውን እተወው ነበር። የልጄ ሲሆን ግን ደካማውንም እፈራለሁ።»



በማግስቱ ወደ አጥሩ ስሄድ ክፍተቷ በግራር እሾህ ተደፍናለች። ማን እንደደፈናት አልጠየቅኩም። ማዶ የእህሉ ድምፅ ይሰማል፤ ሰፌዱ ትንሽ ይቆምና እንደገና ይቀጥላል።

አዝመራው ሲገባ ለቡልቡላ ሰው ተዳረች። ተሸፋፍና በበቅሎ ላይ ተቀምጣ የሐይቆቹን መንገድ ስትይዝ እኔ ደጄ ላይ ቆሜ ነበር። አጃቢዎቹ እየጨፈሩ አለፉ። አባትየው ከኋላ ቀሩና ወደ እኔ መጥተው እጄን ጨበጡ። ጨው የበላው፣ የተሰነጣጠቀ እጅ ነበር። ይለቁኛል ብዬ ጠበቅኩ፤ አልለቀቁኝም። ጭፈራው ወደ ታች ወርዶ እስኪጠፋ፣ አቧራው በግራሮቹ ላይ እስኪያርፍ ድረስ፣ እጄን እንደያዙ አብረውኝ ቆሙ።