የውሰት አፍንጫ

አክስቴ ጠዋት ከማንም ጋር ቃል ሳትለዋወጥ ሳህን ላይ የሳሙና ውሃ ትበጠብጣለች። ስፖንጁን ነክራ አረፋውን የጋዙ ሲሊንደር አንገት ላይ፣ ከዚያም ቱቦው ምድጃው ውስጥ የሚገባበት ቦታ ላይ ትቀባና ጎንበስ ብላ ትጠብቃለች። አረፋው ዝም ካለ ቀና ትላለች። እያበጠ ፊኛ ከሠራ ግን ጋዝ ያመልጣል ማለት ነው። እስኪለይላት ትንፋሿን ትይዛለች፤ የራሷ ትንፋሽ አረፋውን አነቃንቆ እንዳያታልላት ትፈራለች።

ይህን ያስተማራት ጋዝ የሚያመላልሰው ሰውዬ ነው። ለምን እንደፈለገችው አልነገረችውም። "እትዬ፣ ይሄ ሁሉ ጣጣ ምን ያደርጋል? ጋዝ እኮ ይሸታል" ብሎ ሳቀባት። አብራው ሳቀች። ማሽተት ካቆመች ያኔ ወራት አልፈዋት ነበር።

ነገሩ የጀመረው በጉንፋን ነው። ጉንፋኑ ለቀቃት፤ ሽታ ግን አልተመለሰም። መጀመሪያ ያወቀችው ወተት ሲያርርባት ነው፤ ጭሱን በዓይኗ አየችው እንጂ ምንም አልሸተታትም። ክሊኒክ ሄደች። ሐኪሙ ነርቭ ተጎድቶ ይሆናል፣ ሊመለስም ላይመለስም ይችላል አለና ጠዋትና ማታ ሎሚ እያሸተተች አፍንጫዋን እንድታለማምድ ነግሮ ሸኛት። ሎሚውን ቆርጣ ታሸታለች። ቀዝቃዛ ነገር አፍንጫዋን ይነካታል፤ ሎሚ ግን የለም። ከግድግዳ ጋር እንደማውራት ነው ትላለች።

ለማንም ትንፍሽ ያላለችው በሚጢጢ ምክንያት ነው። ሚጢጢ የልጇ ልጅ ናት፤ ከመዳህ ወደ መቆም ገና መሻገሯ ነው። እናቷ በየጠዋቱ አክስቴ ዘንድ ትታት ወደ ሥራ ትሄዳለች። አክስቴ መጋረጃ ሰፊ ናት። የስፌት መኪናዋ መስኮቱ ሥር ነው፤ ጥቅል ጨርቁ ግድግዳውን ተደግፏል፤ ሚጢጢ ደግሞ ወለሉ ላይ ክር ባለቀባቸው ማጠንጠኛዎች ትጫወታለች። ባሏ ከሞተ ወዲህ ቤቱን ቤት ያሰኘችው ይህች ልጅ ናት። የሚጢጢ እናት ግን ሥጉ ናት፤ የሶኬቱን ቀዳዳ ሁሉ በፕላስተር ደፍናለች፤ በየሰዓቱ እየደወለች በላች ወይ፣ ተኛች ወይ ትላለች። አክስቴ ጋዝ እንደማይሸታት ብታውቅ ሚጢጢን እዚያ ቤት አንድ ቀን አታሳድራትም፣ አታውላትም። አክስቴ ይህን እንደ ስሟ ታውቀው ነበር።

የጋዙ ሰውዬ ሌላም ነገር ነግሯት ነበር። ጋዝ ከአየር ስለሚከብድ ሲያመልጥ የሚሄደው መሬት ለመሬት ነው። ይህን ከሰማች ጀምሮ ወለሉን ማመን አቃታት። መርፌው እየሮጠ ሳለ እግሯን ከፔዳሉ ላይ ታነሳለች፤ ጆሮዋን ትጥላለች። ከማድ ቤቱ ደፍ የማይታይ ነገር እየተሳበ ወደ ሚጢጢ የሚመጣ ይመስላታል። ልጅቷን ብድግ አድርጋ ጠረጴዛው ላይ ታስቀምጣታለች። ከጠረጴዛው እንዳትወድቅ ደግሞ ትፈራና መልሳ ታወርዳታለች። ሰው ቤት መሰቀል የነበረባቸው መጋረጃዎች ጠርዛቸው ሳይታጠፍ ይከርማሉ።

አረፋው አልበቃ ሲላት አፍንጫ መዋስ ጀመረች።

ጎረቤቷ ጋሽ ሾፌር ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ነጂ ናቸው። አፍንጫቸው ከእሳቸው ቀድሞ በር የሚገባ ነው። ማን ምን እንዳሳረረ በሩ ሳይከፈት ይነግሩሃል፤ የሕንፃው ሰው በዚህ ይቀልድባቸዋል። ሲጋራ ካቆሙ ቢቆዩም ላይተራቸውን ከኪሳቸው አይለዩም። አክስቴ በየቀኑ ሰበብ ትፈልግላቸዋለች። ዛሬ የመጋረጃው ዘንግ ተጣመመ፣ ነገ የመርፌው ቀዳዳ አልታይ አለኝ። ሲገቡ ዓይኗን አፍንጫቸው ላይ ትተክላለች፤ ካልተንቀሳቀሰ የተሰቀለ ልቧ ይወርዳል። ሰውዬው ግን እንዲህ አተኩሮ የሚያያቸው ሰው ካገኙ ዘመን የለውም። ጺማቸውን በየቀኑ መላጨት፣ ጫማቸውን መቦረሽ ጀመሩ።

"አንቺ ሴትዮ፣ የምታዪኝ እኮ አዲስ ሹመት እንዳገኘ ሰው ነው" አሏት አንድ ቀን። አፍራ ሻይ ቀዳችላቸው።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ጋዙ አለቀ። ሁልጊዜ የሚመጣው ሰውዬ ቀርቶ ሌላ የቸኮለ ሰው መጥቶ አዲሱን ሲሊንደር ገጠመና ሄደ። አክስቴ ስፖንጁን ነክራ ወደ ሲሊንደሩ ልትዞር ስትል ሚጢጢ አለቀሰች። ስፖንጁን ምድጃው አጠገብ ጥላ ወጣች። ወዲያው ጋሽ ሾፌር አንኳኩ፤ ገብተው ከማድ ቤቱ በር አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀመጡ። አየቻቸው። አፍንጫቸው ዝም ብሏል። ነገር ቢኖር ይህ አፍንጫ አይምረውም ብላ አረፋውን ተወችው። እሳቸውን ግን ጉንፋን ይዟቸው ነበር። በእሷ ፊት መናፈጥ አሳፍሯቸው፣ መሐረባቸውን ደብቀው፣ በአፋቸው እየተነፈሱ ነበር የተቀመጡት።

እንዲህ እንዲያ ሲባባሉ ቆዩ። ሚጢጢ ራባት፤ አክስቴም ወተት ልታሞቅላት ማድ ቤት ገባች።

ያን ጊዜ የውጭው በር ተከፈተ። ልጇ ነበረች፤ ከሥራ ቀደም ብላ መምጣቷ ነው። አንድ እግሯን እንዳስገባች ቆመች። "እማ፣ ጋዝ" አለች። ድምጿ ዝቅ ያለ ነበር፤ የሚያስፈራውም እሱ ነው። ሚጢጢን ከወለሉ ላይ አፈፍ አድርጋ ወደ ኮሪደሩ ወጣች። አክስቴ ሲሊንደሩን ዘጋች፤ መስኮቶቹን በረጋገደች። ጋሽ ሾፌር አንድ እጃቸው ኪሳቸው ውስጥ እንዳለ ደርቀው ቀርተዋል፤ ጎትታ አስወጣቻቸው።

ነፋሱ ቤቱን እስኪጠርገው ሁሉም ኮሪደሩ ላይ ቆሙ። ልጇ የሚጢጢን ራስ ደረቷ ላይ አጥብቃ ይዛለች።

"እማ፣ ይሄ ሁሉ አልሸተተሽም?"

ጋሽ ሾፌር ቀደሙ። "እኔስ መቼ ሸተተኝ፣ ልጄ። ጉንፋን ይዞኛል፤ እናትሽንም ያስያዝኳት እኔው ነኝ" አሉና ሲደብቁት የዋሉትን መሐረብ አውጥተው እንደ አውቶቡስ ጡሩምባ ተናፈጡ።

ውሸቱ ተሰፍቶ ያለቀ መጋረጃ ነበር፤ መሳብ ብቻ ነው የቀረው። አክስቴ ግን ቀኝ እጇን ጨብጣ እንደያዘች ወለሉን እያየች ተናገረች።

"ጉንፋን አይደለም። ካለፈው ክረምት ጀምሮ ምንም አይሸተኝም።"

ልጇ አልተቆጣችም። ብትቆጣ በተሻለ። ሚጢጢን ታቅፋ ደረጃውን ወረደች፤ የልጅቷ አንድ እግር ጫማ ከማጠንጠኛዎቹ መሐል ቀረ። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል አለችኝ አክስቴ እዚህ ላይ ስትደርስ። በእነዚያ ቀናት መኪናዋን አልነካችም። የሚጢጢን ጫማ ወደ አፍንጫዋ ታስጠጋና መልሳ ታስቀምጣለች። አፍንጫ ሲመታ ዓይን ያለቅሳል የሚባለውን ይህን ስትነግረኝ ነው የተረዳሁት።

በኋላ ልጇ ብቻዋን መጣች፤ ጋዝ ሲያመልጥ የሚጮህ ትንሽ ነጭ ሣጥን ገዝታለች። ከወለሉ ብዙም ሳይርቅ እንዲተከል ያደረገችው አክስቴ ናት። ብሎኑን ያጠበቁት ጋሽ ሾፌር አፍንጫቸውን ስትዋስ እንደነበር ሰምተው ስለነበር ሣጥኑን ገላመጡትና "እንጀራዬን ቀማኝ" አሉ። እናትና ልጅ መጀመሪያ የሳቁት ያኔ ነው። በማግስቱ ሚጢጢ በሌላ ጫማ ተመለሰች። የሣጥኑ አረንጓዴ መብራት ቀን ከሌት ይበራል፤ አክስቴ ግን መብራቱ ቢዋሽስ እያለች ዛሬም አረፋዋን ትቀባለች። ጋሽ ሾፌርም ይመጣሉ፤ አሁን ያለ ሰበብ።

ይህን ልጻፈው ስላት እሺ አለችኝ። አንድ ነገር ብቻ አልገባኝ ብሎ ጠየቅኋት፤ ጋሽ ሾፌር ያን ውሸት ሲዘረጉላት ለምን አልተቀበለችም? ነገረችኝ። ለልጇም ቆይታ ነግራታለች። አንቺ ግን ይቺን ተያት፣ ክፉ ነገር ሲጠሩት ይመጣል አለችኝ።

ማድ ቤት ገብታ ወተቱን እንደጣደች ክብሪት ጭራ ነበር። የእንጨቱ ራስ እንደ ጭቃ ቀፎው ላይ ተለጥፎ ቀረ። ሌላ ጫረች፤ ያው ነው። ልጅቷ ስታለቅስ ቸኩላ የጣለችው ስፖንጅ ያረፈው ክብሪቱ ላይ ኖሮ በሳሙናው ውሃ ርሷል። ኮሪደሩ ላይ ቆማ እጇ ውስጥ የጨበጠችው ያንን የራሰ ክብሪት ነበር። ሦስተኛውም እንቢ ሲላት ተናደደችና "ጋሼ፣ ላይተር ይዘዋል?" ብላ ተጣራች። "ይዣለሁ እንጂ" ብለው ብድግ አሉ። እጃቸውን ኪሳቸው ውስጥ ከትተው ወደ እሷ ሲራመዱ ነው በሩ የተከፈተው።