ሰሌዳው

ዛሬ አራዳ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ፀሐይ ስንሞቅ፣ አብሮ አደጌ ሱሪውን ሰብስቦ አመድ የመሰለ ቅልጥሙን አከከ፤ ጥፍሩ ያለፈበትም ነጭ መስመር ሆነ።

በጃንሆይ ዘመን፣ ፊደል ስንቆጥር፣ በደረቀው እግሬ ላይ በጥፍሩ «አ» ብሎ ጽፎ፣ «ልጆች፣ ሰሌዳ ተገኘ» ያለው እርሱ ነው። የኔታ እንኳ ሳቁ። ከዚያ ወዲያ ስሜ «ሰሌዳው» ሆነ።

የዚያን ዕለት ማታ አክስቴ እግሬን በለጋ ቅቤ እያሸች፣ «በልብስ ሳሙና ታጥበህ፣ የጥቅምት ነፋስ መትቶህ እንዴት አይደርቅ? ውኃው ከገላህ ሳይጠፋ ተቀባ። የሳቀብህን ለእግዜር ተወው» አለችኝ።

የቅባቱን ምክር ሰማኋት፤ የሳቀብኝን ግን አልተውሁትም።

«አንተ ሰሌዳው፣ ይህ ድርቀት ምን ይሻለዋል?» አለኝ ዛሬ።

የአክስቴ ምክር ምላሴ ላይ ነበር፤ ዋጥሁት። ለጸሎት ባቀረቀርሁ ጊዜም ዐይኔ እግሩ ላይ ለአንድ ፊደል የሚበቃ ቦታ ይፈልግ ነበር።