በርዶ የታየ ሞተር

ያቺን ፒክአፕ የሸጠልኝን ሰውዬ እግዜር ይይልኝ! ጠዋት ቁልፉን ነካ ሲያደርጉት እንደ ጉድ ትነሳለች። ከጋለች በኋላ ከጠፋች ግን አለቀ፤ እስክትበርድ አትነሳም። ይኸ እንኳ ባልከፋ። በቆሎ ጭኜ ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ ስወጣ ሦስት ጊዜ በጉዞ ላይ ጠፋችብኝ፤ ሦስቱንም ጊዜ አንዲት ዳገት ላይ፣ አንዲት ብሳና ሥር። በሦስተኛው ሣር የምታጭድ ሴትዮ ቀና ብላ አየችኝና አማተበች።

«ሟቹ ክንዱ ነው። ብቻውን ሰልችቶት ነው» አለችኝ።

አያ አድማሴ ዘንድ ሄድኩ። ፍኖተ ሰላም ላይ ሠላሳ ዓመት መኪና የፈቱ ቁጡ መካኒክ ናቸው። ክንዱ ታናሽ ወንድማቸው ነበር፤ በዘጠና ሁለት እዚያች ዳገት ላይ ሚኒባሱ ወደኋላ ተንሸራቶ ገደል ገብቶ ሞተ። ጠጥቶ ነው ተባለ። አያ አድማሴ ከዚያ ወዲህ አንድ አመል አላቸው፤ ማንኛውንም መኪና ነድተው ሳያግሉ «ደህና ናት» አይሉም። ሰው ይስቅባቸዋል።

«ኮፈኑን ልክፈትልዎ?» አልኳቸው።

«በርዳ ምን ልያት? ንዳት!» ብለው ጮኹብኝ።

ብሳናው ሥር ስንደርስ ቀጥ አለች። ፀሐይ አናት ላይ ናት፣ ወፍ እንኳ አይጮህም። ጎማው ሥር ድንጋይ አደረግሁ። አያ አድማሴ ኮፈኑን ከፍተው ለካንዴላዎቹ እሳት የሚሰጠውን ቦቢና ሲነኩት አቃጠላቸው። ከዚያ እጃቸው አየር ላይ ቀረ። ቦቢናው በቀይ ሽቦ ሦስት ዙር ታስሯል።

«ይኸን ያሰርኩት እኔ ነኝ። የክንዱ መኪና ዕቃ ነው።»

እውነትም ፒክአፗን የሸጠልኝ ሰውዬ ቦቢናውን ከአሮጌ ዕቃ ነጋዴ መግዛቱን ነግሮኝ ነበር። ገደሉ ውስጥ ድንጋይ ተንከባለለ። ጎንበስ ብዬ አየሁ፤ ማንም የለም። ኧረ ማርያም!

አያ አድማሴ መንገዱ ዳር ቁጭ አሉ።

«ክንዱ፣ መኪናዋ ስትግል ታስቸግረኛለች አለኝ። ጠዋት ነበር፣ በአንድ ቁልፍ አስነሳኋት። ምንም የለባትም፣ አነዳድህን አስተካክል ብዬ ሳቅሁበት። ለቅሶው ላይ ሰው ሲጠይቀኝ ደግሞ፣ ሳይጠጣ አልቀረም አልኩ። ክንዱ ጠጪ አልነበረም፤ ዳገቱ ላይ ሞተሯ ጠፍቶበት ነው።»

ቦቢናው ላይ እርጥብ ጨርቅ ጣል አድርገን ስትበርድ ተነሳች። ወደ ጋራዡ አልተመለስንም፤ ቡሬ፣ የክንዱ ሚስት አልጣሽ ቤት ሄድን። በርበሬ ትቀነጥሳለች። አያ አድማሴ ደጃፉ ላይ እንደቆሙ ሁሉን ነገሯት። ቅንጠሳዋን አላቋረጠችም።

«አውቃለሁ። የዚያን ዕለት ምሳ ሲበላ፣ ወንድሜ ሳቀብኝ ብሎኛል።»

«ታዲያ ስድስት ዓመት ሙሉ ምነው ዝም አልሽ?»

«ብናገር ማን ያምነኛል፣ አያ አድማሴ? መካኒኩ እርስዎ ነዎት።» በርበሬውን አስቀመጠች። «ልጆቼ የሰካራም ልጅ እየተባሉ ነው ያደጉት። ለእኔ አይንገሩኝ። በሰው ፊት ያሉትን በሰው ፊት ይመልሱ።»

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አያ አድማሴ ደጀ ሰላሙ ላይ ቆሙ።

«ወንድሜ አልጠጣም ነበር» አሉ። «መኪናዋ ታማለች ብሎኝ ነበር። ደህና ናት ብዬ የላክሁት እኔ ነኝ።»

ከሴቶቹ መካከል የክንዱ ትልቋ ልጅ ከነጠላዋ ውስጥ ቀና ስትል አየኋት።