በካላንደሩ ላይ የምትፈትለው ልጅ

ባለፈው እሑድ የወንድሜ የልጅ ልጅ ሕይወት ስልኳን አፍንጫዬ ሥር ደቀነችው። ፎቶ ማንሳት የተማረች ልጅ ናት፤ ካሜራዋን አቁማ ራሷን በራሷ ታነሳለች። በፎቶው ላይ የሀገር ልብስ ለብሳ፣ ሹሩባ ተሠርታ፣ አንገቷን ሰበር አድርጋ እንዝርት ታሾራለች። ከኋላዋ ባዶ የሸማኔ ዕቃ ይታያል። በወንድሜ ቤት ሳሎን ለዓመታት የተሰቀለውን የካላንደር ፎቶ መድገሟ ነው። ኢንተርኔት ላይ ለጥፋው ከሥሩ ሰዉ "ወይ ደጉ ዘመን!"፣ "ሴትማ ድሮ ቀረች" እያለ ጽፎላታል።

"እማማ፣ አያያዜ ልክ ነው? እርስዎን ሆኜ እኮ ነው" አለችኝ።

ደሜ ፈላ። ደጉ ዘመን ይሉታል፣ ጉዱን ሳያውቁ!

ያ የካላንደር ፎቶ ሲነሳ አሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር። ቤታችን ሽሮ ሜዳ፣ ከአስፋልቱ ወደ ዳገቱ ገባ ብሎ ነው። አባቴ ሸማኔ ነበር። በእኛ ሰፈር ሴት ትፈትላለች፣ ወንድ ይሸምናል፤ በቃ። ሴት የሸማኔ ጉድጓድ ውስጥ እግሯን ካስገባች ድሩ ይበጠሳል ይባል ነበር። ማን እንዳለው አላውቅም፤ ሴት እንዳልሆነች ግን እርግጠኛ ነኝ።

በዚያ ክረምት አባቴን ጭቃው አዳልጦት ቀኝ እጁ ተሰበረ። ወጌሻ አሰረለት። አንዲት ወይዘሮ ያዘዙት፣ ለመስከረም መድረስ ያለበት የሙሽራ ቀሚስ ግን ገና ተጀምሮ ዕቃው ላይ ነበር። ታላቅ ወንድሜ ተካን አባቴ ስንት ጊዜ ሊያስተምረው ሞክሮ አልሆነለትም፤ ልቡ ኳስ ሜዳ ነው። እኔ ደግሞ ከልጅነቴ ጀምሮ ከአባቴ ጎን ቁጭ ብዬ ማጉን፣ በድሩ መሃል የሚገባውን ክር፣ ሳቀብል ሥራውን በዓይኔ ለምጄዋለሁ።

"አባባ፣ እኔ ልሞክር" አልኩት።

ሦስት ቀን ዘጋኝ። በአራተኛው ቀን በሩን ቀርቅሮ "ግቢ" አለኝ። ከዚያም፣ መቼም አልረሳውም፣ "ወይዘሮዋ ከወደዱት ማን እንደሠራው እነግራቸዋለሁ" አለ። እኔም ያንን ቃል ይዤ ገባሁ።

ስድስት ሳምንት ሠራሁ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ የመወርወሪያው ድምፅ ውጭ አይሰማም፤ ሲያባራ ግን እጄን ቀስ አደርጋለሁ። እናቴ ትኩስ የበቆሎ ጥብስ ታቀብለኛለች፤ ጥርሴ ላይ የቀረው ጥቁር ዛሬም ይታወሰኛል። ጎረቤት በሩን ሲያንኳኳ ከጉድጓዱ ዘልዬ ወጥቼ እንዝርት አነሳለሁ፣ እንደ ሌባ። ጥለቱ ከእጄ ሥር ሲወጣ ሳይ የተሰማኝን ደስታ በሠርጌም ቀን አላገኘሁትም።

ወይዘሮዋ ቀሚሱን ሊወስዱ ሲመጡ ፎቶ አንሺ አስከትለው ነበር። ሰውየው ለካላንደር የሚሆን የሸማኔ ቤተሰብ ይፈልጋል። እሳቸው ጥለቱን በጣታቸው ዳሰስ ዳሰስ አደረጉና "እንዴት ያለ እጅ ነው! የማን ሥራ ነው?" አሉ።

አባቴን አየሁት። መሬት መሬቱን አየ።

"የተካ ነው" አለ።

ፎቶ አንሺው ተካን ጉድጓዱ ውስጥ አስገባው። እኔን በርጩማ ላይ አስቀምጦ እንዝርት አስያዘኝ። ተካ እግሩን የት እንደሚያሳርፍ እንኳ አያውቅም፤ ሲንፈራገጥ እኔ ለሚቀጥለው ሥራ የዘረጋሁትን ድር በጣጠሰው። አባቴ ምን ቢል ጥሩ ነው? "ሴት ስትጠጋ እንዲህ ነው" ብሎ ለእንግዳው ሳቀ።

"አንቺ ልጅ፣ ፈገግ በይ እንጂ" አለኝ ፎቶ አንሺው።

ፈገግ አልኩ። ይኸው ወንድሜ ቤት ግድግዳ ላይ እስከ ዛሬ ፈገግ እንዳልኩ አለሁ።

እንግዶቹ ሲሄዱ የተበጠሰውን ክር አንድ በአንድ የቀጠልኩት እኔ ነኝ። ካላንደሩ ሲወጣ ሥራ ጎረፈ፤ ሁለት ዓመት በተዘጋ በር ሠራሁ፣ ስሙን ተካ ወሰደ። ከዚያ እኔን አዲሱ ገበያ ሰፈር ዳሩኝ፤ ባሌ ቤት የሸማኔ ዕቃ የለም። ተካ በስሙ ሌሎች ሸማኔዎች ቀጥሮ ሱቅ ከፈተ። አምና ሲሞት ለቀስተኛው "እንደሱ ያለ እጀ ወርቅ ከእንግዲህ አይገኝም" ሲል፣ ነጠላዬን አዘቅዝቄ ሰማሁና ዋጥ አደረግሁት።

እሑድ ዕለት ግን አልዋጥ አለኝ። ለሕይወት ሁሉንም ነገርኳት። ዓይኗ እንባ አቀረረ፤ አያቷን ተካን እንደ ታቦት ነው የምታየው።

"አያቴ ውሸታም ነበር እያሉኝ ነው?"

"አልዋሸም። ዕድሜውን ሙሉ ዝም አለ።"

"ታዲያ እርስዎስ ለምን አልተናገሩም?"

"ማን ሊሰማኝ?" አልኳት። እውነቱ ግን ሌላ ነው፤ አባቴን እወደው ነበር። በሰው ፊት እንዳይዋረድ ብዬ እኔ ተዋረድኩ።

ሻይዋን ሳትጨርስ ሄደች፤ እስከ ዛሬ አልደወለችም። ፎቶውንም ከለጠፈችበት አላጠፋችውም፣ ሰዉ አሁንም "ደጉ ዘመን" እያለላት ነው። ትምጣ አትምጣ አላውቅም። ስታድግ አዝያታለሁና ይከፋኛል፤ መናገሬ ግን አይጸጽተኝም።

"ሙት ወቃሽ አትሁኚ" ትለኛለች ጎረቤቴ። ተካ ሞቷል፣ ነፍሱን ይማር። እኔ ግን አልሞትኩም፤ ያንን ቀሚስ የሠራሁት እኔ ነኝ።